የጦር አዛዡ መኖሪያ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት ሲሆን፦ ስለ ደልሂው ቲን ሙርቲ

የደልሂ ተመራቂ (ክሩን የከፈተ)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በህንድ ዩኒቨርሲቲዎች የተማርን ሰዎች በዚህ መድረክ ጥቂት ስላልሆንን፣ ለዓመታት በልቤ ይዤው የቆየሁትን አንድ ጉዳይ ለውይይት ላቅርብ። ጉዳዩ ኒው ደልሂ ውስጥ ስላለው ቲን ሙርቲ ስለሚባለው ቤት ነው። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደምጽፍ ከወዲሁ ልናገር።

እንግሊዞች የህንድን መዲና ከካልካታ ወደ ደልሂ እንደሚያዛውሩ በ1911 ካስታወቁ በኋላ አዲሲቱን ከተማ ሲቆረቁሩ፣ ለእንደራሴያቸው ዛሬ የፕሬዚዳንቱ መኖሪያ የሆነውን ታላቅ ቤተ መንግሥት በራይሲና ኮረብታ ላይ ሠሩ። ለህንድ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ደግሞ ከዚያ በስተደቡብ፣ ፊቱን ወደ እንደራሴው ቤት ያዞረ ሰፊ መኖሪያ ገንብተው በ1930 አጠናቀቁ። ነዳፊው ኮንኖት ፕሌስ የሚባለውን ክብ የገበያ ማዕከል የነደፈው ሮበርት ቶር ራስል ነበር፤ ቤቱም ያን ጊዜ ፍላግስታፍ ሃውስ ይባል ነበር። ህንድ ነፃ ስትወጣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጃዋሐርላል ኔሩ በነሐሴ 1948 ወደዚህ ቤት ገቡ፤ ግንቦት 27 ቀን 1964 በዚያው ቤት እስኪሞቱ ድረስም 16 ዓመት ገደማ ኖሩበት። በዚያው ዓመት ኅዳር 14፣ ኔሩ በሕይወት ቢኖሩ 75 ዓመት በሚሞላቸው ዕለት፣ ፕሬዚዳንት ራዳክሪሽናን ቤቱን ሙዚየም አድርገው ከፈቱት።

እኔ ወደዚያ ግቢ መጀመሪያ የሄድኩት ለሙዚየሙ ሳይሆን ለቤተ መጻሕፍቱ ነበር። የጥናት ጽሑፌ የድሮ ጋዜጦችን ይፈልግ ስለነበር ጠዋት ገብቼ ማታ እወጣ ነበር። በግንቦት ወር የደልሂን ሙቀት የቀመሰ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከቀትር በኋላ ወደ ውጭ መውጣት የማይታሰብ ነው፤ ስለዚህ ዓይኔ ሲደክመኝ ወደ አሮጌው ቤት እሻገርና በየክፍሉ እዞር ነበር። አንድ ቀን በላይኛው ፎቅ የኔሩ መኝታ ክፍል ፊት ቆሜ ብዙ ቆየሁ። አንድ አልጋ፣ መጻሕፍት፣ እምብዛም የማያምር የቤት ዕቃ። ያን ሁሉ ዓምድና ደረጃ፣ ያን ሁሉ ከፍ ያለ ጣሪያ አልፌ የመጣሁት ወደዚህች ክፍል መሆኑ ገረመኝ። ቤቱ የተሠራው አንድ ጄኔራል ትልቅ ሆኖ እንዲታይ ነው፤ በውስጡ የቀረው ግን መጽሐፍ እያነበበ የሚያመሽ ሰው ክፍል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን የምወደው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። በዚያው ግቢ ለህንድ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሁሉ የሚሆን አዲስ ሕንፃ ተሠርቶ ሚያዝያ 14 ቀን 2022 ተከፍቷል። በ2023 ደግሞ የተቋሙ ስም ከኔሩ መታሰቢያ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ተለውጧል። አሮጌው ቤትም ታድሶና አዳዲስ የማሳያ መሣሪያዎች ገብተውበት የጠቅላላው ጉብኝት መነሻ ሆኗል። ስለ ስሙ ህንዶች ራሳቸው በብርቱ ተከራክረውበታል፤ በዚያ የመግባት ፍላጎት የለኝም። የእኔ ጭንቀት ስለ ቤቱ ነው። የመሪ መኖሪያ የነበረ ቤት ሲጠበቅ የሚጠበቀው ምንድን ነው? ግድግዳው ነው፣ ዕቃው ነው፣ ወይስ ሰውየው በዚያ የኖረበት ሁኔታ? የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ስለ ሌሎቹ የሚነገረው ሁሉ በአዲሱ ሕንፃ ይነገር፤ በአሮጌው ቤት ግን ኔሩ የኖሩባቸው ክፍሎች ማንም ሳይነካቸው ይቆዩ። የእናንተን አሳብ ለመስማት እጓጓለሁ።

---

ኖራና ድንጋይ

የተከበርክ ወንድሜ፣ ይህን ክር ስለከፈትክ ከልብ አመሰግናለሁ። የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥም ጥቂት አሮጌ የእንጨትና የጭቃ ቤቶችን በመጠገን ተሳትፌያለሁ። ቲን ሙርቲን ያየሁት ለአጭር ሥልጠና ደልሂ በሄድኩ ጊዜ ሲሆን፣ የጎበኘሁትም ሁለት ቀን ደጋግሜ ነው።

ስለ አቀማመጡ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ቤት የተተከለው በዘፈቀደ አይደለም። ፊት ለፊቱ የእንደራሴው ቤት ደቡባዊ ገጽ ነው፤ አንዱ የመንግሥቱን ሥልጣን፣ ሌላው የጦሩን ኃይል ይወክላል፤ ሁለቱም እየተያዩ ይቆማሉ። አዲሲቱን ደልሂ የነደፉት ሰዎች ከተማዋን እንደ ደብዳቤ ጽፈዋታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ደብዳቤው የሚለውም «ይህችን አገር የምንይዘው በዚህና በዚያ ነው» ነው። ስለዚህ ከነፃነት በኋላ የተመረጠ ሲቪል መሪ በጦር አዛዡ ቤት ሲገባ፣ ከድንጋዩ አንድም ሳይነሣ የደብዳቤው ትርጉም ተገለበጠ። ይህን ትርጉም ለጎብኚ የሚነግረው ሌላ ምንም ሳይሆን ቤቱ በቦታው መቆሙ ነው።

ሥራው ራሱ ነጭ ድንጋይና ልስን ነው። የላይኛው ፎቅ መስኮቶች ወደ ውስጥ በገቡ ቅስቶች ውስጥ የተቀመጡ ናቸው፤ ይህም ለውበት ብቻ ሳይሆን የቀትር ፀሐይ መስተዋቱን በቀጥታ እንዳትመታው ይረዳል። የእንግዳ መቀበያዎቹ ጣሪያ ከፍታም ሙቀቱን ወደ ላይ ይወስዳል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ስክሪን፣ የኬብል መስመርና የአየር ማቀዝቀዣ ሲገባ አደጋው ዓይን ከሚያየው በላይ ነው። ኮርኒስ ሲበሳና ግድግዳ ሲጫር ልስኑ ይሰነጠቃል፤ ያረጀ ልስን ደግሞ አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ በሲሚንቶ የሚደፍነው ሰው አይጠፋም፤ ሲሚንቶውም እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ጉዳቱ ወደ ውስጥ ይገባል። በእኔ እጅ በተጠገነ አንድ ቤት ይህን ስሕተት ሌላ ሰው ከእኔ በፊት ሠርቶት አግኝቼ፣ ለማስተካከል ከዋናው ጥገና የበለጠ ጊዜ ወስዶብኛል።

ስለዚህ በአቋምህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ማንም ሳይነካቸው» የሚለው ቃል ትንሽ ይከብደኛል። ያልተነካ ቤት ይፈርሳል። የሚገባው ነገር ሁሉ፣ ነገ ማውጣት ቢፈለግ ጠባሳ ሳይተው መውጣት የሚችል ይሁን ብንል ይሻላል።

---

ሚዛን

ለሁላችሁም ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ በትሕትና የተለየ አሳብ ልሰንዝር። ለኔሩ አክብሮት አለኝ። ሆኖም አንድ የመንግሥት ቤት በአንድ ሰው ስም ለዘለዓለም መዘጋቱ ትክክል ሆኖ አይታየኝም። ቤቱ የኔሩ ርስት አልነበረም፤ ከሕዝብ ገንዘብ የተሠራ፣ ከሕዝብ ለሕዝብ የተላለፈ ቤት ነው። ህንድ ከኔሩ በኋላ ላል ባሃዱር ሻስትሪን፣ ሞራርጂ ዴሳይን፣ ናራሲምሃ ራኦን፣ ቫጅፓዪን፣ ማንሞሃን ሲንግንና ሌሎችንም በጠቅላይ ሚኒስትርነት አይታለች። ሻስትሪ በቲን ሙርቲ አልኖሩም፤ ይልቁንም በጃንፓት መንገድ ባለ አነስተኛ መኖሪያ ነበሩ። ታሽከንት ላይ በጥር 1966 ሲሞቱ በሥልጣን የቆዩት ገና ወደ 19 ወር ገደማ ነበር። ሥልጣን ላይ በኖሩበት ዘመን ልክ ቦታ የሚሰጣቸው ከሆነ ሻስትሪ ጥግ ላይ ይቀራሉ ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ የአንድ ሰው ቤት ሙዚየም ሲሆን ሳይታወቅ ወደ ቤተሰብ መቅደስነት ያደላል። ኔሩ፣ ልጃቸው ኢንዲራ ጋንዲ፣ የልጅ ልጃቸው ራጂቭ ጋንዲ ሦስቱም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ኢንዲራ በጥቅምት 31 ቀን 1984 የተገደሉበት በሳፍዳርጃንግ መንገድ ያለው ቤታቸውም ሙዚየም ነው። አንድ ቤተሰብ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ቤቶች ሲኖሩት ወጣቱ ጎብኚ የአገሪቱ ታሪክ የእነርሱ ታሪክ ብቻ ይመስለዋል። አዲሱ ሙዚየም ይህን ለማረም የተደረገ ሙከራ ነው ብዬ አምናለሁ። ደግሞም ኔሩ ነሐሴ 15 ቀን 1947 የነፃነቱን ንግግር ለማድረግ የወጡበት ቤት ስለሆነ ቤቱ የመላው አገር ነው መባል አለበት።

---

የደልሂ ተመራቂ

ሚዛን፣ አሳብህን በዚህ ሁኔታ በማቅረብህ አመሰግናለሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላርም፤ ኔሩ በነፃነት ቀን በቲን ሙርቲ አልነበሩም። ያን ጊዜ የሚኖሩት በዮርክ መንገድ ቁጥር 17 ነበር፤ መንገዱ ዛሬ በአባታቸው ስም ሞቲላል ኔሩ ይባላል። ቲን ሙርቲ እስከዚያ ድረስ የጦር አዛዡ የፊልድ ማርሻል ኦኪንሌክ መኖሪያ ነበር። ኔሩ ወደዚያ የተዛወሩት ጋንዲ በጥር 30 ቀን 1948 ከተገደሉ ከወራት በኋላ ነው። ይህን የማነሣው ለክርክር ብዬ አይደለም፤ ያ ቅደም ተከተል ለእኔ የቤቱ ታሪክ ዋና አካል ነው። በመጀመሪያ አዛዡ ወጣ፣ በመካከል ጋንዲ ተገደሉ፣ ከዚያ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ገቡ።

ስለ ቤተሰብ ያነሣኸው ግን እውነት አለው፤ እኔም የምሸሸው አይደለም። እንዲያውም የአንተን ክርክር የሚያጠነክር አንድ ነገር ልስጥህ። ኢንዲራ የአባታቸውን እንግዶች እያስተናገዱ የኖሩት በዚያ ቤት ነው፤ ልጆቻቸው ራጂቭና ሳንጃይም ያደጉት በዚያው ነው። ስለዚህ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩበት ቤት ነው፤ ቤተሰቡ ሥልጣንን እንዴት እንደተማረ ማወቅ ለሚፈልግ፣ ወዳጅም ሆነ ነቃፊ፣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም። ማስረጃን ማንሣት ደግሞ ለነቃፊውም አይጠቅመውም። ልጆቹ በግቢው ቀይ ፓንዳዎችና የነብር ግልገሎች ይዘው ይጫወቱ እንደነበር ሳነብ፣ ያ ቤት ቢሮ ብቻ እንዳልነበረ ገብቶኛል።

ሌላም አለ። ቤተሰቡ ሲገባ ግድግዳዎቹ ላይ ተሰቅለው የነበሩት የእንግሊዝ ጄኔራሎች ትልልቅ ሥዕሎች ወርደው ወደ መከላከያ ሚኒስቴር ተልከዋል። አልተቃጠሉም፣ አልተቀደዱም፤ ወደሚገባቸው ቦታ ተላኩ። እኔ የምጠይቀው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ሁሉም ነገር በሚገባው ቦታ ይሁን።

---

መዝገብ ጠባቂዋ

ውድ ወንድሞቼ፣ ስለ ክፍሎቹና ስለ አልጋው ብዙ ተባለ፤ እኔ ግን የዚያ ግቢ እውነተኛ ሀብት ወረቀቱ ነው ባይ ነኝ። በቤተ መዛግብት ሙያ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። ኔሩ ከሞቱ በኋላ ቤቱ ሙዚየም ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ተማሪዎች በትምህርት ቤት አውቶቡስ መጥተው በአንድ ሰዓት ዞረውት የሚሄዱበት ቦታ ይሆን ነበር። ልዩ ያደረገው አጠገቡ የተተከለው ቤተ መጻሕፍት ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ቢ. አር. ናንዳ የታሪክ ጸሐፊ ነበሩ፤ የኔሩን ወረቀቶች ብቻ ሳይሆን በነፃነት ትግሉ የተሳተፉ የብዙ ሰዎችን የግል ደብዳቤዎች፣ የጋዜጣ ማይክሮፊልሞችና በሕይወት የነበሩ ታጋዮች በቃላቸው የተናገሩትን ታሪክ ማሰባሰብ ተጀመረ። የቤተ መጻሕፍቱ የራሱ ሕንፃ በ1974 ተከፈተ። በዚያ ስብስብ ውስጥ የኔሩ ተቃዋሚዎች ወረቀት ከደጋፊዎቻቸው ወረቀት ጎን ለጎን ይገኛል።

ሚዛን ላነሣኸው ሥጋት መልሱ በዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የአንድን ሰው ቤት ከመቅደስነት የሚያድነው የሌሎችን ፎቶግራፍ አጠገቡ መስቀል ሳይሆን፣ ማንኛውም ተማሪ ገብቶ የዚያን ሰው ስሕተት በራሱ ወረቀት ላይ ማንበብ መቻሉ ነው። ማንሞሃን ሲንግ በነሐሴ 2018 ለጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ በጻፉት ደብዳቤ፣ ኔሩ የአንድ ፓርቲ ሳይሆኑ የመላው ሕዝብ እንደሆኑ ገልጸው የቦታው ጠባይ እንዳይለወጥ መጠየቃቸው ይታወሳል። እኔ በዚያ አሳብ ላይ የምጨምረው፣ የቦታው ጠባይ ማለት በዋናነት የንባብ ክፍሉ ክፍት መሆን ነው የሚለውን ነው።

ለራሴ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የአንድ ባለሥልጣን መኖሪያ የነበረ ቤት ለሙዚየም ሲዘጋጅ እንድረዳ ተጠርቼ ነበር። ስደርስ ወንበሮቹ ተወልውለው፣ መጋረጃው በአዲስ ተቀይሮ ነበር። በቁም ሣጥን የነበሩት ወረቀቶች ግን በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልተው በጓሮ ዝናብ እየመታቸው አገኘኋቸው። በጥላ ሥር አድርቀን ያተረፍናቸው ከግማሽ አይበልጡም። እስከ ዛሬ ድረስ የተወለወለ ወንበር ባየሁ ቁጥር ያ ከረጢት ፊቴ ይመጣል።

---

ከሐይፋ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ 30 ዓመት ሆኖኛል፤ የምኖረውም በሐይፋ ከተማ ነው። ርእሱን ሳይ ለምን ልቤ እንደተነካ ልንገራችሁ። «ቲን ሙርቲ» በሂንዲ ሦስቱ ሐውልቶች ማለት ነው። ቤቱ ስሙን ያገኘው ከደጁ ባለው አደባባይ ላይ ከሚቆሙት ሦስት የነሐስ ወታደሮች ሲሆን፣ እነርሱም ከሐይደራባድ፣ ከማይሶርና ከጆድፑር የመጡ ፈረሰኞችን ይወክላሉ። ሐውልቱን በ1922 የሠራው እንግሊዛዊው ቀራጭ ሊዮናርድ ጄኒንግስ ነው፤ ስለዚህ ከቤቱ በዕድሜ ይበልጣል። ፈረሰኞቹ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መስከረም 23 ቀን 1918 ሐይፋን ከኦቶማኖች እጅ ያስለቀቁት ናቸው፤ መትረየስ በተጠመደበት ተራራ ሥር በጦርና በፈረስ ገብተው ነው የያዙት።

በዚህ ከተማ የህንድ ወታደሮች መቃብር አለ፤ በየዓመቱ በመስከረም ወር መታሰቢያ ይደረግላቸዋል። በ2018 መጀመሪያ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ህንድን ሲጎበኙ የደልሂው አደባባይ ስም ቲን ሙርቲ ሐይፋ ተብሏል። ልጆቼን ወደ መቃብሩ ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ። የኔሩ ቤት ስሙን የወሰደው ከጄኔራሉም ከመሪውም ሳይሆን፣ ለባዕድ መንግሥት ሲዋጉ ከሞቱ የገጠር ሰዎች መሆኑ እኔን እጅግ ይነካኛል። ተቋሙ የማንን ስም ይይዛል ተብሎ ሲከራከሩ እነዚያን ሦስቱን የሚያነሣ አልሰማሁም።

---

ጡረተኛው መምህር

ልጆቼ፣ ይህን የመሰለ ጨዋ ውይይት በማየቴ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ዕድሜዬ 80ን ተሻግሯል፤ የምጽፈውም የልጅ ልጄ እየረዳኝ ነው። ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ህንዶች ነበሩ፤ ያን ዘመን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። ከእነርሱ አንደኛው በክፍል ውስጥ ደጋግሞ ይነግረን የነበረ ታሪክ አለ፤ በኋላም በንባብ አረጋግጬዋለሁ።

በየካቲት 1936 የኔሩ ባለቤት ካማላ ሎዛን ላይ አረፉ። ኔሩ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አውሮፕላናቸው በሮም በኩል ያልፍ ነበርና ሙሶሊኒ ሊያገኛቸው እንደሚፈልግ መልእክት ላከ። ያ ጊዜ የኢጣሊያ ጦር በአገራችን ላይ መርዝ የሚያርከፈክፍበት ወቅት ነበር። ኔሩ ግብዣውን አልተቀበሉም፤ ሮም ላይ ሰዎች ቢወተውቷቸውም በእንቢታቸው ጸኑ። ሚስቱን በሞት ያጣ፣ አመዷን ይዞ የሚጓዝ ሰው እንኳን የዓለምን ጉልበተኛ ማንንም ለመከራከር አቅም አይኖረውም፤ እርሳቸው ግን እንቢ አሉ። በሚያዝያ በላክናው ከተማ በተደረገው፣ የነፃነት ትግሉ ፓርቲ በሆነው በኮንግረስ ጉባኤ ሰብሳቢ ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ተናገሩ፤ ግንቦት 9 ቀን 1936ም በመላ ህንድ የአቢሲኒያ ቀን ተብሎ ሕዝቡ ወጥቶ አጋርነቱን ገለጸ። ያ ቀን ሙሶሊኒ ሮም ላይ ግዛቱን ያወጀበት ቀን ነው። ህንዶቹ ራሳቸው ቅኝ ተገዢ ነበሩ፤ የሚሰጡን ጠመንጃ አልነበራቸውም፤ ቢሆንም ያቺን ቀን ሰጡን።

አሁን ወደ ቤቱ ልመለስ። በ1941 መጋቢት ከረንን ሰብረው የገቡት፣ በግንቦትም የኢጣሊያው እንደራሴ የአኦስታው መስፍን እጁን ሲሰጥ አምባላጌን ከበው ከነበሩት ውስጥ አራተኛውና አምስተኛው የህንድ ክፍለ ጦሮች ይገኙባቸዋል፤ አራተኛው ከከረን በኋላ ወደ ሰሜን አፍሪካ ሲመለስ አምባላጌ ድረስ የዘለቀው አምስተኛው ነው። የመካከለኛው ምሥራቅ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሆኖ ያን ዘመቻ ከበላይ ያዘዘው ጄኔራል ዌቭል ነበር። በሐምሌ 1941 ከኦኪንሌክ ጋር ቦታ ተለዋውጦ የህንድ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ሆነ፤ ይህም ማለት የዚያ ቤት ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የእኛን አገር ከፋሺስት እጅ ለማስለቀቅ የዘመተውን ጦር ያዘዘው ጄኔራልና ለእኛ ብለው ሙሶሊኒን እንቢ ያሉት ኔሩ፣ በሰባት ዓመት ልዩነት በአንድ ቤት ውስጥ ገብተዋል። ያው ዌቭል እንደራሴ በሆነ ጊዜ ኔሩን ጨምሮ የኮንግረስ መሪዎች በእስር ላይ ነበሩ። አንድ ቤት ይህን ሁሉ ይዞ ይቆማል፤ በዚያ ቤት ውስጥ ግን ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ይህን የሚነግረው ሰው ያገኛል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

---

ሚዛን

መምህር፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥልን። የተናገሩትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አቋሜን በከፊል ለማሻሻል እገደዳለሁ፤ ኔሩን ከአገራቸው የፓርቲ ክርክር ውጭ ለማየት ዕድል አላገኘሁም ነበር።

ነገር ግን ጥያቄዬን በሌላ መልክ ላቅርበው። እርስዎ ስለ አኦስታው መስፍን ሲያነሡ የእኛው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ትዝ አለኝ። ንጉሠ ነገሥቱ ከመሰደዳቸው በፊት የኖሩበት፣ በወረራው ዘመን የኢጣሊያ እንደራሴዎች የገቡበት፣ የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረበት፣ ከ1941 በኋላ ደግሞ ባለቤቱ የተመለሰበት፣ በመጨረሻም ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠ ቤት ነው። ዛሬ በአንዱ ክፍል የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ታያላችሁ፤ በሌሎቹ ክፍሎች ደግሞ ስለ ሕዝቦች ባህልና ስለ ቅዱሳት ሥዕሎች ትማራላችሁ። በደጁ ፋሺስቶች ለእያንዳንዱ የአገዛዝ ዓመታቸው አንድ ደረጃ እየጨመሩ የሠሩት የሲሚንቶ ደረጃ አለ፤ እኛም አላፈረስነውም፣ ጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አቆምንበት። እዚያ ቤቱ የብዙዎች ሆኖም የአንዱን ሰው ክፍል አላጣም። ቲን ሙርቲ እንዲህ ቢሆን ምን ይጎድላል ነው ጥያቄዬ።

---

ኖራና ድንጋይ

ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ሆኖም ልዩነቱን ልጠቁም። በስድስት ኪሎ መኝታ ክፍሉ በክፍልነቱ አለ። ጎብኚው ገብቶ ቁመቱን፣ የብርሃኑን አገባብ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቀለም በራሱ ዓይን ያያል። ያ ክፍል ውስጥ ስለ ሌላ ዘመን የሚያወራ ስክሪን ቢተከል ሚዛንም የሚቃወም ይመስለኛል። በቲን ሙርቲም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ለአዲሱ ሕንፃ ግን ፍትሐዊ እንሁን፤ ሲሠራ አንድም ዛፍ እንዳልተቆረጠ መንግሥቱ ገልጿል። በዚያ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በእንደዚያ ያለ ግቢ ውስጥ የዛፉ ጥላ ከግድግዳው እኩል ቅርስ ነው።

በነገራችን ላይ ግቢው የኔሩና የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። በውስጡ ኩሻክ ማሃል የሚባል፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሱልጣን ፊሮዝ ሻህ ቱግላቅ ዘመን የተሠራ የአደን ማረፊያ አለ። አብዛኛው ጎብኚ ሳያየው ይመለሳል።

---

በቅርብ ተጓዥ

ሰላም እኅቶቼና ወንድሞቼ። በሚቀጥለው ወር እናቴን ለሕክምና ይዤ ደልሂ እሄዳለሁ። ይህን ክር ካነበብኩ በኋላ አንድ ቀን ለዚህ ቤት መመደብ ፈለግሁ። እንዴት እንደምደርስና ምን ማየት እንዳለብኝ ብትመክሩኝ።

---

የደልሂ ተመራቂ

እኅቴ፣ ለእናትሽ ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክላቸው። ሰኞ ዝግ ስለሆነ በሌላ ቀን ሂጂ። በሜትሮ ቢጫውን መስመር ይዘሽ ሎክ ካልያን ማርግ በሚባለው ጣቢያ ውረጂ፤ ከዚያ ባለ ሦስት እግሩን አውቶ ብትይዢ ብዙ አይርቅም። «ቲን ሙርቲ» ካልሽው ሾፌሩ ያውቀዋል፤ አዲሱን ስም ላያውቀው ይችላል። ከመግባትሽ በፊት በአደባባዩ ላይ ለሦስቱ ፈረሰኞች ጥቂት ደቂቃ ስጪያቸው፤ ከሐይፋ የጻፉልን ወንድማችን ደስ ይላቸዋል። ከአሮጌው ቤት ጀምሪ። ከየአገሩ ለጠቅላይ ሚኒስትሮቹ የተሰጡ ስጦታዎች አሁን ለእይታ ቀርበዋል፤ ከእኛ አገር የሄደ ነገር ካየሽ መምህር እንዲያውቁት ጻፊልን። በአትክልቱ ውስጥ ኔሩ በነፃነት ዋዜማ ሌሊት ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ቃል የተቀረጸበት ትልቅ ድንጋይ አለ፤ እናትሽ ከደከማቸው በዚያ አካባቢ ጥላ ያገኛሉ። ልጆች ይዘሽ ከሆነ በዚያው ግቢ ባለው ፕላኔታሪየም ህንዳዊውን የጠፈር ተጓዥ ራኬሽ ሻርማን በ1984 ወደ ምድር የመለሰችውን የሶቪየት መንኮራኩር ያያሉ።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተሽ መኝታ ክፍሉን ካየሽ በኋላ፣ ወደ እንደራሴው ቤት አቅጣጫ የሚያሳይ ክፍት መስኮት ካገኘሽ ጥቂት ቁሚበት። እኔ በነበርኩበት ዘመን ዛፎቹ አድገው ያን የድሮ መተያየት ሸፍነውት እንደሆነ ልብ ብዬ አላየሁም፤ ወንድማችን ኖራና ድንጋይ ስለ አቀማመጡ ከጻፈ ጀምሮ ይህ ሲያሳስበኝ ሰንብቷል። የምታዪውን ጻፊልን።

---

በቅርብ ተጓዥ

እሺ ወንድሜ፣ መስኮቱን አልረሳም። ስመለስ እዚሁ ክር ላይ እጽፋለሁ።